ባትሪው ነው ወይስ ዲናሞው? በጅቡቲ ማዕከላዊ ገበያ ከታየ ነገር የተወሰደ ምክር

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ምሳሌ የተነገረው ለዳኛና ለሽማግሌ ብቻ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን አሮጌ አውቶሞቢል ላለው ሰውም እጅግ ይጠቅመዋል። ብዙ ሰው መኪናው በማለዳ አልነሣ ሲለው ወዲያው ወደ ባትሪ ሻጭ ይሮጣል፤ አዲሱ ባትሪ ከጥቂት ወራት በኋላ ሲሞትበትም ሻጩን ይረግማል። ባትሪውን የገደለው ምን እንደ ሆነ ግን አይመረምርም። እንዲህ ያለውን ሥራ አገራችን በአጭር ቃል «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ትለዋለች። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን፥ ባለፈው ሐምሌ በጅቡቲ ከተማ በማዕከላዊ ገበያ በዓይናችን ያየነውን አንድ ነገር እንተርካለን፤ በዚያውም የአሮጌ መኪና የኤሌትሪክ ሕመም በምን በምን እንደሚታወቅ በቅደም ተከተል እንገልጻለን።

ገበያውና ሙቀቱ

የጅቡቲ ማዕከላዊ ገበያ በከተማይቱ መካከል፥ ቅስት ያላቸው ነጫጭ ቤቶች ከሚታዩበት ከአውሮጳውያን ሰፈር በስተ ደቡብ ይገኛል። በአቅራቢያው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1906 የተሠራው የሐሙዲ መስጊድ ቆሟል። ጥቂት ራቅ ብሎ ያለው አደባባይ ደግሞ ለብዙ ዘመን በዳግማዊ ምኒልክ ስም ሲጠራ ኖሮ፥ ዛሬ አገሪቱ በ1977 ነጻነቷን ባገኘችበት ዕለት ስም የጁን 27 አደባባይ ይባላል። በገበያው ውስጥ ሶማልኛና ዓፋርኛ፥ ዓረብኛና ፈረንሳይኛ፥ አማርኛም ተደባልቀው ይሰማሉ። በጆንያ ላይ ተዘርግቶ ከሚሸጠው ሽንኩርት፥ ቲማቲምና ድንች ብዙው ከኢትዮጵያ በከባድ መኪና የመጣ ነው።

እኛ ክረምት ብለን ካፖርት በምንደርብበት በሐምሌ ወር፥ በጅቡቲ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ሐምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ሲነሣ አሸዋው ዓይን አያስገልጥም። ነፋሱ ሲያርፍ ደግሞ የባሕሩ እርጥበትና ጨው በብረት ሁሉ ላይ ይቀመጣል። ለሰው የሚከብደው ይህ አየር ለመኪናም አይቀልም። በተለይ ለባትሪ ከብርድ ይልቅ ሙቀት የባሰ ጠላቱ ነው፤ ባለሙያዎች እንደሚገምቱት ሙቀቱ 10 ዲግሪ ያህል በጨመረ ቁጥር የባትሪ ዕድሜ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ይህ ሁሉ እውነት በመሆኑ፥ በጅቡቲ የሚሞት ባትሪ ሁሉ «ሙቀቱ ገደለው» ይባላል። ነገር ግን ሙቀቱ ያልገደለውም ብዙ ነው።

የባልና የሚስት ክርክር

በዚያ ሰሞን ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ጅቡቲ ነበርን። አትክልት ልንገዛ ገብተን ዋጋ በአማርኛ በመጠየቃችን፥ የድሬዳዋ ተወላጆች ከሆኑ ባልና ሚስት ጋር ተዋወቅን። ሚስቲቱ በገበያው ትሸጣለች፤ ባልየው ከ30 ዓመት በላይ በሆናት አሮጌ ፒካፕ ከከባድ መኪናዎቹ ማራገፊያ አትክልቱን ሳይነጋ እየጫነ ያመላልሳል። የራሳቸውን ብቻ ሳይሆን የሌሎቹንም ሻጮች ዕቃ ስለሚያደርስ፥ የቤታቸው እንጀራ በዚያች መኪና ላይ የተመሠረተ ነው።

አንድ ቀን ገና ጎሕ ሲቀድ ወደ ገበያው ስንደርስ፥ ፒካፗ ቲማቲም እንደ ተሸከመች ከመንገዱ ጠርዝ ቆማ አገኘናት። ዕቃ ለማደላደል ሞተሩን አጥፍቶ ነበር፤ እንደ ገና ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው «ጠቅ» ከማለት በቀር አልንቀሳቀስ አለው። ልጆች ተሰብስበው ሊገፉ ቢሞክሩም ጭነቱ ከበዳቸው።

ሚስቲቱ ከመደቧ ተነሥታ መጣችና እንዲህ አለች፤ «ከመጋቢት ወዲህ ሁለት ባትሪ ገዛን፤ ይህ ሦስተኛው ሊሆን ነው። ያለችን ገንዘብ ለልጃችን መመዝገቢያ ያስቀመጥናት ብቻ ናት። እርስዋን ለባትሪ ከሰጠናት ልጅቱ መስከረም ሲጠባ በምን ትገባለች?»

ባልየውም፤ «መኪናዋ ከቆመች ለመስከረም ምን ይተርፈናል? ደግሞ የጫንሁት ቲማቲም የሰው ነው፤ ፀሐይ ከወጣ እስከ ቀትር አይቆይልኝም» ብሎ መለሰላት።

ሁለቱም እውነት ነበራቸው። በመካከላቸው ገብተን የምንለው ነገር አጣን፤ እኛም ራሳችን ባለፉት ዓመታት ምርመራ ሳናደርግ ባትሪ ለውጠን እናውቃለንና። በዚህ ጊዜ ከጎረቤት ሻጮች አንዲቱ፤ «ገንዘቡን ከማውጣታችሁ በፊት ሽማግሌውን ጥሩ» አለች። ሽማግሌው የተባሉት በገበያው ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ፥ በግድግዳ ጥላ ሥር የዕቃ ሣጥናቸውን ይዘው የሚቀመጡ፥ ሙያቸውን በወጣትነታቸው በድሬዳዋ የምድር ባቡር ወርክሾፕ የተማሩ የኤሌትሪክ ሠራተኛ ናቸው።

ሽማግሌው አስቀድመው የጠየቁት

ሽማግሌው መጡ። መፍቻም ቴስተርም ከማውጣታቸው አስቀድመው፥ ሐኪም በሽተኛን እንደሚጠይቅ ባለ መኪናውን ይጠይቁት ጀመር።

«ልጄ፥ የሚያስቸግርህ ሁልጊዜ ነው ወይስ እያሰለሰ?»

«እያሰለሰ ነው አባባ። ወደ አርታ ዕቃ አድርሼ በተመለስሁ ማግሥት በደኅና ትነሣለች። ከማራገፊያ ወደ ገበያ፥ ከገበያ ወደ ማራገፊያ ቀስ እያልሁ ስውል ግን በማግሥቱ ትሞታለች።»

«ከፊትህ ባለው ሰሌዳ ላይ የባትሪ ሥዕል ያለባት ቀይ መብራት ትበራለች?»

«የለም አባባ፤ አንድ ቀን እንኳ በርታ አላየኋትም። ስለዚህ ዲናሞው ጤነኛ ነው ብዬ ነው ባትሪ የምለውጠው።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና፤ «ዝም ያለ ሁሉ ጤነኛ አይደለም» አሉ። ያን ጊዜ የንግግራቸው ምሥጢር አልገባንም ነበር። አንባቢም እንዲረዳው፥ ታሪኩን ጥቂት አቁመን የነገሩን ሥር እናስረዳ።

ጎተራውና ገበሬው

በመኪና ውስጥ ባትሪ እንደ ጎተራ ነው፤ ዲናሞ ደግሞ እንደ ገበሬ ነው። ጎተራ እህል ያስቀምጣል እንጂ አያመርትም። መኪናዋ ስትነሣ ሞተሪኖው ከጎተራው ብዙ ይወስዳል፤ ለትንሽ ሞተር እንኳ እስከ 150 ወይም 200 አምፔር ይደርሳል፤ ነገር ግን ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ነው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ዲናሞው እየተሽከረከረ ለመብራቱና ለሌላውም ሁሉ ኤሌትሪክ ያመርታል፤ የተረፈውን ወደ ጎተራው ይመልሳል። ገበሬው ማረሱን ከተወ ግን፥ ጎተራው የቱንም ያህል አዲስና ትልቅ ቢሆን ማለቁ አይቀርም። አዲስ ባትሪ መግዛት በዚያን ጊዜ ባዶውን ጎተራ በሌላ ጎተራ መለወጥ ብቻ ነው።

ዲናሞ ስንልም ሁለት ዓይነት አለ። እስከ 1960ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት ድረስ ብዙዎቹ መኪናዎች እውነተኛውን ዲናሞ ይይዙ ነበር። ከ1960 ሞዴል ጀምሮ የአሜሪካው ክራይስለር በቫሊያንት መኪናው ላይ አልተርኔተር አደረገ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አልተርኔተር ሞተሩ በዝግታ ሲዞር እንኳ ከአሮጌው ዲናሞ የተሻለ ያመርታል። የእኛ አገር ሠራተኞች ግን የቀድሞውን ስም ሳይለቁ ሁለቱንም ዲናሞ ይሏቸዋል፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ እንደ እነርሱ እንናገራለን።

አልተርኔተር በውስጡ የሚዞር የሽቦ ጥምጥም አለው። ይህ ጥምጥም ማግኔት ይሆን ዘንድ አስቀድሞ ጥቂት ኤሌትሪክ ሊደርሰው ይገባል፤ የሚደርሰውም ካርቦን በሚባሉ ሁለት ትንንሽ ቁራጮች በኩል ነው። ማግኔቱ ሲዞር በዙሪያው ባሉት ሽቦዎች ኤሌትሪክ ይወለዳል፤ ዲዮድ የሚባሉት ክፍሎች ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ ያደርጉታል፤ ሬጉሌተር ደግሞ ከልክ እንዳያልፍ ይቆጣጠረዋል። ማግኔትና ሽቦ ሲንቀሳቀሱ ኤሌትሪክ መወለዱን እንግሊዛዊው ፋራዴይ ያሳየው በ1831 ነው፤ የእርሳስና የአሲድ ባትሪንም ፈረንሳዊው ፕላንቴ በ1859 ሠራው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ቢሻሻልም መሠረቱ አልተለወጠም።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው። በብዙ አሮጌ መኪናዎች ለማግኔቱ የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ኤሌትሪክ የሚያልፈው በቀይዋ መብራት አምፖል ውስጥ ነው። ይህች ኤሌትሪክ ለገበሬው ዘር ናት። አምፖሏ ከተቃጠለች መብራቷ መጥፋቷ ብቻ አይደለም፤ ዘሩም ይቀራል። ሆኖም ሞተሩ በኃይል ሲሽከረከር፥ በብረቱ ውስጥ ከቀድሞው የቀረው ጥቂት ማግኔት ዲናሞውን ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ ይህም ካለፈው መከር በወደቀ ፍሬ ራሱ እንደሚበቅል እህል ነው። በረጅም መንገድ እየሠራ በገበያ ውስጥ የሚተኛ ዲናሞ ሲያጋጥም ይህን መጠርጠር ይገባል።

ምርመራው

ሽማግሌው ያደረጉትን አንድ በአንድ ተመለከትን።

አንደኛ፥ የባትሪውን ጫፎች አዩ። በፖዘቲቩ ራስ ላይ ነጭና አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ነበረ። ነጌቲቩን አስቀድመው ፈትተው ሁለቱንም በሽቦ ብሩሽ ጠረጉ፤ አጥብቀውም አሰሩ። ከባትሪው ወደ መኪናው አካል የሚሄደውን የማሳ ካቮ ሳይቀር ፈትተው አጸዱት፤ የባሕር ጨው በዚህ በኩል ብዙ ይጎዳልና። ከጽዳቱ በኋላ ቢሞከርም መኪናዋ አልተነሣችም።

ሁለተኛ፥ መክደኛዎቹን ከፍተው ውሃውን አዩ። ውሃው ከሰሌዳዎቹ በላይ ሊሆን ሲገባው በሁለቱ ክፍሎች ዝቅ ብሎ ነበርና የተጣራ ውሃ ጨመሩ። ባለ መኪናው የቧንቧ ውሃ ሊያቀብላቸው ሲል ከለከሉት፤ ጨውና ማዕድን ያለበት ውሃ ባትሪን ያበላሻል።

ሦስተኛ፥ ሞተሩ እንደ ጠፋ ቴስተራቸውን በባትሪው ላይ አደረጉ። 12 ቮልት ብቻ አሳየ። ባትሪ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱም 2.1 ቮልት ያህል ይሰጣል፤ ስለዚህ ሙሉ የሆነ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት ወይም ጥቂት በላይ ያሳያል። 12.4 ከሆነ ሦስት አራተኛ ያህል አለው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ፤ 12 ከሆነ ሩብ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ጎተራው መራቆቱ ታወቀ፤ ያራቆተው ግን ገና አልታወቀም።

አራተኛ፥ ዲናሞውን የሚያዞረውን ጠፍር፥ ማለት ቺንጊያውን፥ በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ረገበ፤ ስንጥቅም አልነበረበትም። ቺንጊያ ከላላ ይንሸራተታል፤ በተለይ መብራት ሲበራ ይጮኻል። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደግሞ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል።

አምስተኛ፥ ከአንድ ታክሲ ባትሪ በካቮ አገናኝተው ሞተሩን አስነሡ፤ ካቮውን አላቅቀውም ሞተሩ በዝግታ እንዲዞር ተዉት። ቴስተሩ 12.2 አሳየ፤ ቀስ በቀስም እየወረደ ሄደ። ዲናሞው ቢሠራ ኖሮ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ባሳየ ነበር። «አሁን ነዳጁን ርገጥ» አሉት። ባለ መኪናው ሲረግጥ ቁጥሩ በድንገት ዘልሎ 14.2 ሆነ፤ እግሩን ባነሣ ጊዜም በዚያው ቆየ።

ሽማግሌው ወደ እኛ ዞረው እንዲህ አሉ፤ «ቀድሞ ያዩዋት ሰዎች የተሳሳቱት በዚህ ነው። ሞተሩን አስነሥተው ነዳጅ ይረግጣሉ፤ ከዚያ ይለኩና 14 ሲያዩ ‹ዲናሞው ጤነኛ ነው› ይላሉ። ሳይረግጡ መለካት ነበረባቸው።»

ስድስተኛ፥ ሞተሩን አስጠፍተው፥ ሳያስነሣ ቁልፉን ብቻ እንዲከፍት አዘዙት። የዘይት መብራት በራች፤ የባትሪዋ ቀይ መብራት ግን ጨለማ ሆና ቀረች። ጤነኛ በሆነ መኪና ቁልፍ ሲከፈት ሁለቱም ሊበሩ፥ ሞተሩ ሲነሣ ሁለቱም ሊጠፉ ይገባል። ሰሌዳውን በካቻቢቴ ፈተው አምፖሏን አወጡና ወደ ብርሃኑ አነሡአት። በውስጧ ያለችው ክር ተበጥሳ ነበር።

ከሣጥናቸው ያንኑ ዓይነትና ያንኑ ዋት ያላትን ሌላ አምፖል አውጥተው ተኩባት። ቁልፉ ሲከፈት ቀይዋ መብራት በራች። በታክሲው ባትሪ ሞተሩ እንደ ገና ሲነሣ ጠፋች፤ ነዳጅ ሳይረገጥም ቴስተሩ 14.1 አሳየ። የፊት መብራቶቹንና ማራገቢያውን አስበርተው ቢለኩ 13.7 ሆነ፤ ይህም ደግ ነው። ሁሉም ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ፈጀ።

ባለ መኪናው ሞተሩን ሳያጠፋ ቲማቲሙን አደረሰ። ማታ ባትሪው ተፈትቶ ከሽማግሌው ዘንድ በትንሽ አምፔር ቀስ ብሎ ሲሞላ አደረ። በማግሥቱ የአሲዱን ክብደት በመለኪያ ሲያዩ በስድስቱም ክፍሎች 1.260 ያህል አገኙ፤ ሙሉ ባትሪ ከ1.265 እስከ 1.280 ስለሚያሳይ ባትሪው ገና ሊያገለግል እንደሚችል ታወቀ። ሽማግሌው የአምፖሏንና የድካማቸውን ዋጋ ተቀበሉ፤ ገንዘቡም ከአንድ ጆንያ ሽንኩርት ትርፍ የሚበልጥ አልነበረም። ሚስቲቱ በመሐረብ የቋጠረችውን የመመዝገቢያ ገንዘብ ሳትፈታ ወደ ቤት ይዛ ተመለሰች። የመጀመሪያው ባትሪ ግን ተጥሎ ስለ ነበር ለእርሱ የወጣው ገንዘብ ጠፍቶ ቀረ።

ሌሎቹ ሕመሞች

በዚህ መኪና ጥፋተኛዋ አምፖል ሆና ተገኘች፤ በሌላው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ምልክቶቹን መለየት ይገባል።

ቀይዋ መብራት ሞተሩ ከተነሣ በኋላም ሳትጠፋ የቀረች እንደ ሆነ፥ ዲናሞው አያመርትም ማለት ነው፤ ቺንጊያውን፥ ካርቦኖቹንና ሬጉሌተሩን መመርመር ነው። ካርቦን በመፋቅ የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ ዋጋውም ከሙሉ ዲናሞ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነውና «ዲናሞ ለውጥ» ከመባል በፊት ካርቦኑ ይታይ።

ቴስተሩ ከ15 ቮልት በላይ ካሳየ ሬጉሌተሩ ልጓሙን ለቋል። ባትሪው ይፈላል፥ ውሃው ቶሎ ቶሎ ይጎድላል፥ አምፖሎችም ይቃጠላሉ። በሙቀት አገር ውሃ ማለቁን ሁሉ ለፀሐይ ከመስጠት በፊት ይህን መለካት ብልኅነት ነው።

ባትሪው በቀን እየተሞላ በሌሊት ባዶ የሚሆን ከሆነ፥ ሌባው በሌሊት የሚሠራ ነው። ሁሉ ነገር ጠፍቶ ሳለ የነጌቲቩን ካቮ ፈትቶ አምፔር መለኪያን በመካከል ማግባት ነው። በአሮጌ መኪና ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ የሚፈስ ከሆነ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቁጥሩ የሚወርድበትን መፈለግ ነው። በፊውዞቹ ካልተገኘ ደግሞ የዲናሞው ዲዮድ ተበላሽቶ ኤሌትሪክ ወደ ኋላ ያሳልፍ ይሆናል።

ዲናሞው ራሱ ጋ 14 ቮልት እያለ ባትሪው ጋ ከ13.5 በታች የሚደርስ ከሆነ፥ በመንገድ የሚቀር አለ። መብራት በርቶ ሲለካ ከዲናሞው እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ ከ0.3 ቮልት፥ ከዲናሞው አካል እስከ ነጌቲቩም ከ0.2 ቮልት በላይ ሊጎድል አይገባም። ከጎደለ ካቮው ወይም ማሳው ዝጓል።

መጠንቀቅ ያለብን

ከአሮጌው ዲናሞ ዘመን የተረፈ አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም ሞተሩ ሲሠራ የባትሪውን ካቮ ፈትቶ «ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ደኅና ነው» ማለት ነው። ይህ በአልተርኔተር ላይ አደገኛ ነው፤ ቮልቱ በድንገት ወጥቶ ዲዮዱንና ሬጉሌተሩን ሊያቃጥል ይችላል። እንዲሁም ለቀይዋ መብራት በቀድሞው አምፖል ፈንታ ኤል ኢ ዲ የሚባለውን የዘመኑን መብራት ማግባት አይገባም፤ የሚያሳልፈው ኤሌትሪክ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ዲናሞውን ላይቀሰቅሰው ይችላል። በባትሪ አጠገብም ሲጋራ አይጨስ፤ ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳልና። አሲድ በእጅ ላይ የፈሰሰ እንደ ሆነ ወዲያው በብዙ ውሃ መታጠብ ነው።

በመንገድ ላይ ሳለን ቀይዋ መብራትና የሙቀቱ መለኪያ አብረው ቢነሡ ወዲያውኑ መቆም ይገባል፤ በብዙ አሮጌ መኪና የውሃውን ፓምፕ የሚያዞረው ያው ቺንጊያ ነውና፥ ተበጥሶ ከሆነ ሞተሩ ይቃጠላል። ቺንጊያው ደኅና ሆኖ መብራቷ ብቻ ከበራች ግን፥ በቀን ጥቂት መንገድ በባትሪው ኃይል መሄድ ይቻላል። በሌሊት ነገሩ ሌላ ነው። ሁለቱ የፊት መብራቶች 110 ዋት፥ ሌላው ሁሉ ደግሞ 70 ዋት ያህል ቢወስዱ፥ በድምሩ 15 አምፔር ይሆናል። 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ሙሉ ባትሪ በወረቀት ላይ 4 ሰዓት ያቆያል፤ በእውነት ግን መብራቱ ከዚያ ብዙ አስቀድሞ ይደበዝዛል። ከጅቡቲ እስከ ጋላፊ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ መንገድ ከባድ መኪናዎች ሌሊትና ቀን ይተላለፋሉ። ያለ መብራት ከእነርሱ ጋር መገናኘት ነፍስን መወራረድ ነውና፥ ዲናሞው የታመመበት ሰው እስኪነጋ ይደር።

ስለ ቃላቱ ጥቂት

አማርኛ የሚማሩ ወዳጆቻችን በዚህ ጽሑፍ ያገኟቸው የሙያ ቃላት ከየት እንደ መጡ ይጠይቁ ይሆናል። ሞተሪኖ፥ ቺንጊያ፥ ካቮ፥ ኩሽኔታ፥ ካቻቢቴና ማሳ ከጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው፤ በትግርኛ ተናጋሪ ቤት ያደግን እኛም በልጅነታችን እነዚህኑ ቃላት ከመካኒኮች አፍ ስንሰማ ኖረናል። የጅቡቲው ሽማግሌ ግን ሙያቸው የምድር ባቡር ስለ ነበረ፥ ቺንጊያውን «ኩርዋ»፥ ካርቦኑን «ሻርቦን» እያሉ በፈረንሳይኛ ይጠሩታል። እኛ በጣልያንኛ፥ እሳቸው በፈረንሳይኛ፥ ሁለታችንም አማርኛ የምንናገር መስሎን ተግባባን።

ይህ መሆኑም አያስደንቅም። አውቶሞቢልም ባቡርም ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በዚህችው የጅቡቲ በር ነው። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1907 መጨረሻና በ1908 መጀመሪያ ላይ አውቶሞቢሉን ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማ ባደረሰበት ጊዜ፥ ሞተር የሚነሣው በክንድ ኃይል በሚዞር ማኖቬላ ነበር። ካዲላክ በኤሌትሪክ የሚነሣ ሞተር ለገበያ ያወጣው በ1912 ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለሰውና በ2016 የተመረቀው ባቡር በኤሌትሪክ ይሄዳል፤ የጅቡቲ ከተማም ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ በሽቦ የሚመጣ ኃይል ታገኛለች። ባቡሩም ከተማዋም ከሩቅ ምንጭ ይቀዳሉ፤ አሮጌዋ ፒካፕ ግን ምንጯን ይዛው ትዞራለች፤ ስለዚህ ምንጩን መጠበቅ የባለቤቷ ፈንታ ነው።

ለማጠቃለል

አንባቢ ሆይ፥ ነገ ማለዳ መኪናህን ስታስነሣ ቸኩለህ ቁልፉን እስከ መጨረሻው አታዙር። በመካከል አቁመህ ወደ ሰሌዳው ተመልከት። ቀይዋ መብራት ከበራች፥ ሞተሩም ሲነሣ ከጠፋች፥ መልካም ነው። ቀድሞውኑ ካልበራች ግን፥ መኪናህ ሕመሟን የምትናገርበት አፍ ተዘግቷልና ባትሪ ከመግዛትህ በፊት አስመርምር። ቴስተር መግዛት የቻለ ሰውም ሦስት ቁጥሮችን ይያዝ፤ ሞተሩ አርፎ 12.6፥ ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥ ሲዞር ከ13.8 እስከ 14.5፥ ከ15 በላይ ከሆነ አደጋ።

ከጅቡቲ በተነሣንበት ዋዜማ ስንብት ለማለት በገበያው አለፍን። ፒካፗ በመደቡ አጠገብ ቆማ ነበር። ባለ መኪናው እኛን ባየ ጊዜ ሳንጠይቀው ቁልፉን ግማሽ ድረስ አዞረና በመስኮቱ በኩል ወደ ሰሌዳው አመለከተን። ቀይዋ መብራት በርታ ነበር።